ሕንፃው ያለ እኔ

ሰኔ 11

ጠዋት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የመብራት ቆጣሪውን ነው። ከዚያ ጥበቃውን። ለምዶኛል፤ አይቀየምም።

ጭጋግ። የጭላሎ ተራራ የለም፣ ተውጧል። የመሥሪያ ቤታችን ሕንፃ ግን ደረቅ ነው፣ ብሩህ። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢገባ... ያኔ ኮሪደሩ ቀን ከሌት ይበራ ነበር። ፓምፑ በሞላ ታንከር ላይ ውኃ ይጨምራል። መስኮቱ ያፏጫል። በየጠረጴዛው ሥር ቀይ ሽቦ፣ ማሞቂያ። አራቱም ፎቅ እንዲህ ነበር።

አሁን አምፖሉ ሁሉ ተቀይሯል። ሰው ሲያልፍ በሴንሰር ይበራል፣ ሲሄድ ይጠፋል። የግቢው መብራት በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር አለው። የመስኮቱ ክፍተት በጎማ ተደፍኗል። ድሮ ከምንፈጀው መብራት ሲሶው ተቆጥቧል። ሲሶው! ያሰብኩት እኔ ነኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ያስተከልኩትም እኔ። ለሰው አላወራውም... እዚህ ግን ልጻፈው። እኮራበታለሁ።

ካረገዝኩ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ከባሌ ከኢርሻድ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱንም ቢሆን ለእናቱ እንዳይነግር አስምዬዋለሁ።

ሰኔ 14

አቶ ገብረወልድ አስጠሩኝ። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊያችን ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ ከረባታቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ላልቶ አያውቅም።

"ልጄ፣ ደስ ይበልሽ። ታኅሣሥ ላይ ከክልል መጥተው ሊያዩን ነው።"

ቁጠባው እንደያዘ ከተገኘ ሥራው ወደ ሁሩታ፣ ወደ ዴራ፣ ወደ አቦምሳ ይሄዳል። ጽሕፈት ቤቶቹ፣ ጤና ጣቢያዎቹ። የምመራው እኔ። ተንሸራቶ ከተገኘ ግን "የአንድ ሰሞን ወሬ ነበር" ተብሎ ይዘጋል።

"አንቺ እስካለሽ ምን ይሆናል!" አሉኝ።

ታኅሣሥ... በጣቴ ቆጠርኩ። የምወልደው ኅዳር ነው። ታኅሣሥ ቤቴ ነኝ፣ አራስ።

አልነገርኳቸውም። ለምን አልነገርኳቸውም?

ሰኔ 22

ድሮ ያየሁት አንድ ሕንፃ ትዝ ይለኛል። የት እንደሆነ አልጽፍም። እንደኛው ነው፤ አምፖል ተቀየረ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። በሦስተኛው ዓመት ሄድኩ። አምፖሉ አለ። ሴንሰሩ አለ። ቁጠባው የለም። የሠራው ልጅ ተዛውሯል።

"እሱ እያለ ጥሩ ነበር" አሉኝ። ስለ ሟች እንደሚወራ።

እኔስ? "ፈይሩዛ እያለች ጥሩ ነበር።" ሳስበው ይጨንቀኛል። ደስ የሚል ነገርም አለው... የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሐምሌ 3

እናቴን አሟት ሁሩታ ሰንብቼ ተመለስኩ። አምስት ቀን ብቻ። አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግቢው ስደርስ መብራቱ ሁሉ በርቷል። ፀሐይ ወጥታ! አንዱም ሳይቀር፣ እንደ ሠርግ ቤት።

ጥበቃውን ጠየቅኩት። "እኛም ግራ ገብቶናል። ማታ ማታ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲል ብልጭ! እስከ ምሳ ድረስ ይበራል።"

ወደ ታይመሩ ሮጥኩ። ሳጥኑ በቢላዋ ተፈልቅቋል። ቁልፉ ሁሩታ ነበራ፣ ቦርሳዬ ውስጥ።

"አቶ ገብረወልድ፣ እርስዎ ነዎት የነኩት?"

"መብራት ጠፍቶ መጣ። ውስጡ ያለው ሰዓት ቆሞ ነበር። አስተካከልኩት። ስምንት ሰዓት ነበር፣ ስምንት ላይ አደረግኩት። ምን አጠፋሁ?"

ምንም አላጠፉም። ታይመሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ። የእኛ የቀን ስምንት ለእሱ አሥራ አራት ነው። ስምንት ላይ ሲያደርጉት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ማታ አሥራ ሁለት ላይ መብራት የነበረበት ሌሊት ስድስት ይበራል፤ ንጋት ላይ መጥፋት የነበረበት እስከ ቀትር ይነዳል። ጥበቃዎቹ በጨለማ እያመሹ ቀን መብራት ሲሞቁ ሰነበቱ።

ሳስረዳቸው ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሲያፍሩ እንደዚያ ናቸው።

"ታዲያ የሰው አገር ሰዓት መሆኑን ምነው አልነገርሽን?"

"ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ... ማንም ይነካዋል ብዬ አላሰብኩም።"

"ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። መብራት የሚጠፋው ግን እኛ ጋ ነው።"

ታይመሩን መልሼ አስተካከልኩት።

አምስት ቀን እንዲህ ከሆነ አራት ወር...

ሐምሌ 5

ጠንከር ያለ ቁልፍ ገዛሁ። በቢላዋ የማይከፈት።

ኢርሻድ አየው። ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። "ይኼን ይዘሽ ነው ማዋለጃ ክፍል የምትገቢው?"

"አትቀልድ።"

"ወላሂ አልቀለድኩም። ይኼ ሕንፃ ሁለተኛ ባልሽ ነው።"

"አንደኛ።"

ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን እንዳልነበር ያወቅኩት ከተኛን በኋላ ነው።

ሐምሌ 12

መዝገብ ቤት ዋልኩ። የድሮ የመብራት ፍጆታ ፋይል ፈልጌ።

መዝገብ ቤት የእትዬ በቀለች ግዛት ነው። ሃምሳን አልፋለች፤ አፏ ግን ገና ሃያ ነው። (ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ማን ያየኛል?) ከገባሁ ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ጣራው ላይ ያለው ሴንሰር በፕላስተር ተሸፍኗል።

"እትዬ በቀለች፣ ያ ፕላስተር ምንድን ነው?"

"ቆስሎ ነው።"

"እትዬ በቀለች!"

"መብራቱ ይጠፋብኛላ! ፋይል የማነበው ዝም ብዬ ነው። ዝም ስል ሰው የለም ብሎ ድርግም። ከዚያ ተነሥቼ እጄን ሳወናጭፍ... ያየኝ ሁሉ ዛሯ ተነሣ ይላል። ይኼንንም ሥራ ብለሽ ተከልሽው!"

"እግርዎ ሥር የሚቀላውስ?"

ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። "እሱ? ድመት ናት።"

"ባለ ሽቦ ድመት?"

"የአሰላ ድመት ናት። ብርድ ያስተማራት።"

ማሞቂያው በደንቡ መሠረት መወሰድ አለበት። አምና አንድ ክፍል ሙሉ ሰብስቤአለሁ፤ እንደ ጀብዱ ነበር የማወራው። ዛሬ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ወንበሩ ላይ ትንሽ እንደቆየሁ እግሬ ደንዝዞ ነበርና። ሐምሌ ነው፤ ይህ ክፍል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አይገባውም። የመስኮቱን ክፍተት ደፍኜ "ጨረስኩ" ያልኩት እኔ ነኝ። ነፋሱን አስቀረሁ። ብርዱን ግን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ሴቲቱ መስረቋ አይደለም ለካ። መሞቋ ነው።

ወጥቼ ፎቅ ለፎቅ ዞርኩ። ከላይ፣ በፀሐይ በኩል፣ የስብሰባ አዳራሹ ተቆልፏል። በመስታወቱ አየሁ። ጭጋጉ ገለጥ ብሎ ፀሐይ ገብታለች። ባዶ ወንበር ብቻ። በሳምንት አንዴ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ፀሐይ ይሞቃል።

አሃ...

ሐምሌ 16

"መዝገብ ቤት ወደ አዳራሹ፣ አዳራሹ ወደ መዝገብ ቤት?" አቶ ገብረወልድ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ አዳራሽ እኮ የመሥሪያ ቤት ፊት ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት።"

"እንግዳው አንድ ሰዓት ነው የሚቀመጠው፤ እትዬ በቀለች ቀኑን ሙሉ።"

"ፋይል አይበርደውም።"

"ፋይሉን የሚያወጡት ይበርዳቸዋል።"

እምቢ አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን የጡረታ ፋይላቸውን ሊያዩ መዝገብ ቤት ወረዱ። በቀለች ሆን ብላ "ትንሽ ይጠብቁኝ" ብላ ጠፋችባቸው። ወላሂ እኔ አልመከርኳትም።

ካፖርታቸውን አስመጥተው ለብሰው ጠበቁ። ሲመለሱ በሬ ላይ ቆም ብለው፦

"መቼ ነው የምናዛውረው?"

ሐምሌ 25

ፋይሉን አዛወርን። ደረጃው ላይ ተሰልፈን፣ እጅ በእጅ እየተቀባበልን። እኔን ማንም ከባድ አላሸከመኝም። ስለዚህ ሁሉም አውቋል... እንዴት?

"ሆድሽ እኮ ካንቺ ቀድሞ ነው ቢሮ የሚገባው" አለች በቀለች።

በመጨረሻ ማሞቂያውን በፌስታል ይዛ መጣች። ማንም ሳይጠይቃት። "እንኪ፣ ድመቷን ውሰጃት። ፀሐይ ካለኝ ምን ታደርግልኛለች?"

አምና የሰበሰብኩት ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም። እውነት ኮርቻለሁ። ሴንሰሩንም ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ቶሎ እንዳያጠፋ አስተካከልኩት። መጀመሪያ ስንተክለው እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ነሐሴ 9

የበቀለች ሰፈር የእድር ዳኛ አረፉ። ከቢሮ ተሰብስበን ሄድን፤ ኢርሻድም አብሮኝ መጣ።

ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል። አግዳሚው ተደርድሯል። አንዱ ውኃ ያመላልሳል፣ አንዱ ለቀስተኛ ያስቀምጣል። ጩኸት የለም፣ ትእዛዝ የለም። ኢርሻድ የኛን ሰፈር አፎሻ፣ የኛን እድር ይመስላል አለኝ። እውነቱን ነው፤ በኛም እንዲሁ ነው። ልብ ብዬው ግን አላውቅም፤ አይቼ አላየሁትም።

"ማነው የሚያዘው?" አልኳት በቀለችን በሹክሹክታ።

"ማዘዝ ምን ያስፈልጋል? የዚህ ወር ተረኞች ናቸው።"

"ዳኛው ግን..."

"ዳኛው እኮ እዚያ ናቸው" አለች፣ ወደ ሬሳው እያሳየች። "ስንት ዓመት ድንኳን ሲያስተክሉ ኖሩ። ዛሬ ተኝተው ተተከለላቸው።" ወደ እኔ ዞረችና፦ "ያንቺ መብራት ግን አንቺን ጉንፋን ሲይዝሽ ያስነጥሳል።"

በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ከሳቁ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነበር። እዚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ... ሰውዬው ቁልፍ አልነበራቸውም። ምንም ነገር አልቆለፉም። ሰዉ ተራውን ለመደ፤ ለመደና እሳቸው እንኳ አላስፈለጉትም።

እንደዚህ መቀበር የሚችል ሰው ስንት አለ?

ነሐሴ 13

ለኢርሻድ ነገርኩት። በየፎቁ ሁለት ሰው፣ በየወሩ በተራ። መስኮት መዝጋት፣ ማታ መዞር፣ ታንከሩን ማየት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ታይመሩን ማስተካከል።

"ቁልፉስ?"

"ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።"

ግንባሬን ዳሰሰ። ትኩሳት እንዳለኝ ሊያይ።

ነሐሴ 20

ስብሰባ። አዲሱ አዳራሽ ውስጥ፣ በብርዱ፣ የተራውን ሐሳብ አቀረብኩ። (ስብሰባችን አጭር ሆኗል። ይህም ሌላ ጥቅም ነው።)

ፋይናንስ ክፍል ያለው ወንደሰን እጁን አወጣ። ሁልጊዜ ሱፍ ለባሽ፣ ሁልጊዜ ጠያቂ።

"አንድ ነገር ላንሣ። ከመብራት ያተረፍነው ገንዘብ በጀት ሲዘጋ ተመላሽ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 'ይኼ ከበቃችሁ' ተብለን ይቀነስብናል። እና ለማን ብለን ነው ፎቅ ለፎቅ የምንዞረው?"

ሁሉም ወደ እኔ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሴ ያላነሣሁት ጥያቄ። እኔ ስለምወደው ሁሉም ይወደዋል ብዬ ነበር?

ያልጠበቅኩት ሰው ተነሣ። አቶ ገብረወልድ። "የሽንት ቤታችን በር ስንት ዓመት ሆነው ከወለቀ? እኔ ሄጄ እጠይቃለሁ። ከምናተርፈው ግማሹ ለዚሁ ሕንፃ ጥገና ይዋል ብዬ። ጡረታ ልወጣ ነው፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል?"

ጭብጨባ! ለሽንት ቤት በር እንዲህ ሲጨበጨብ በሕይወቴ አላየሁም።

ከዚያ ቅጣቱ ተወሰነ። ተራውን የረሳ ለፎቁ አንድ ኪሎ የገብስ ቆሎ። ሐሳቡን ያመጣችው በቀለች ናት፣ ከእድራቸው ቀድታ። ወንደሰን "የተቆላ ነው ጥሬ?" አለ። "የተቆላ! ቆልተህ ነው የምታመጣው!" አለችው።

ነሐሴ 29

አቶ ገብረወልድ ዞን ድረስ ሦስቴ ተመላልሰው ተፈቀደላቸው። ሲነግሩን ከረባታቸው ላልቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ።

መስከረም 8

ተራው ተጀመረ። ታይመሩ ላይ የእኛን ሰዓት ከፈረንጁ ጎን ጽፈንበታል። ቁልፉ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየዋለሁ።

መስከረም 15

ቆጣሪው ጨምሯል። ጨምሯል!

ወዲያው ገባኝ። ፓምፑ። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፤ ድምፁን ከቢሮዬ እሰማዋለሁ። ታንከሩ ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተጣብቋል ማለት ነው። በጀርባ ግድግዳ ውኃ እየወረደ ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ።

የዚህ ወር ተረኛ ወንደሰን ነው። አላየም።

እነግረዋለሁ? ዛሬ ብነግረው ነገም እኔን ይጠብቃል። ታኅሣሥ ላይም እኔን ይጠብቃል።

ዝም አልኩ።

መስከረም 16

ዝም። የውኃው ድምፅ ጥርሴን ያመኛል። ውኃ እየፈሰሰ አይቶ ማለፍ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እልኸኝነት ይሆን? በሶላት መሃል እንኳ ፓምፑ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

"ንገሪውና ተገላገይ" አለኝ ኢርሻድ።

"ነገ።"

መስከረም 17

ልነግረው ነበር። በእውነት። ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ጫጫታ። ወንደሰን ከጣራው እየወረደ ነው። ሱፍ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርጥብ፣ ጫማው ሲረግጥ ይጮኻል፣ እጁ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ይስቃል።

"ወንዴ፣ ዋና ነበርክ?"

"ሳቁ! ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈስ የነበረው የሽንት ቤት በራችን ነው! በጀታችን በግድግዳ ሲወርድ አንድ ሰው አያይም?"

"ተረኛው አንተ!"

"አውቃለሁ! ቆሎውን ነገ አመጣለሁ። ዝም በሉ!"

ወደ እኔ ዞረ። "ኢንጂነር፣ ተንሳፋፊው ተጣብቆ ነበር። በጠጠር ፈግፍጌ አስለቀቅኩት። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነህ" አልኩ። ከዚያ በላይ ብናገር አለቅስ ነበር። እርግዝና ነው፣ እርግዝና...

"ለማን ብለን?" ያለው ሰው ነው። "በጀታችን" አለ። *ችን*።

ዛሬ የኮራሁትን ያህል አምፖሉ ሲበራ አልኮራሁም።

ጥቅምት 10

የመጨረሻ ቀኔ። ነገ ፈቃድ እወጣለሁ። ሁሉም "በሰላም ተገላገይ" አለኝ። "ምን እናድርግ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድም ሰው።

ቅር አለኝ። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ?

ኅዳር 12

ሴት ልጅ። ዙቤዳ አልናት። አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 27

ውርጭ። ልጅቷን ጠቅልዬ በመስኮት አየሁ፤ ሣሩ ነጭ ነው። በእንዲህ ያለ ጠዋት ነው ማሞቂያ ከመሳቢያ የሚወጣው። ስንት ይሆን የወጣው? ስልኬን አነሣሁ። አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ ነው የሚመጡት። ስልኩን ትራሴ አጠገብ አደረግኩ። የሆነ ነገር ይጠፋቸዋል፣ ይደውላሉ። የአምፖሉ ዓይነት፣ የተተከለበት ቀን፣ የሆነ ነገር...

ምሳ ሰዓት አለፈ። አልተደወለም። ኢርሻድ ከሚሠራበት ትምህርት ቤት ደወለ፤ ዘልዬ አነሣሁና "አንተ ነህ?" አልኩት። "ይቅርታ፣ ባልሽ ብቻ ነኝ" አለ።

አሥር ሰዓት። አልተደወለም።

ወይ ሁሉም ፈርሷል፣ ወይ...

ታኅሣሥ 18

በቀለች ልትጠይቀኝ መጣች። ቅቤ በጣሳ ይዛ። ልጅቷን አቅፋ፣ "ማሻአላህ በይልኝ፣ እኔ ስለው አያምርም" ብላ፣ የልብስ ቀለም፣ የሰው ሐሜት... አንድ ሰዓት ሙሉ! እኔ እሳት ላይ ነኝ፤ እሷ አውቃለች፤ ሆን ብላ ነው።

"እትዬ በቀለች፣ በአላህ።"

"እ? ትላንት ነው? ሁለት ሰው መጡ። አንዷ ሴትዮ ደብተር የያዘች። 'ለዚህ ሥራ ኃላፊው ማነው?' አለች። አንደኛ ፎቅ ላይ ተረኛዋ ኦብሴ 'እኔ ነኝ' አለቻት። ሁለተኛ ፎቅ ወጣች፣ ወንደሰን 'እኔ ነኝ' አላት።"

"ወንደሰን? ተራው መስከረም አልነበር?"

"ለሌላ ሰው አስረክብ ቢባል እምቢ ብሎ የያዘው ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ 'እኔ ነኝ።' ሴትዮዋ ግራ ገባት። 'እንዴት ነው፣ ሁላችሁም ኃላፊ ናችሁ?' አቶ ገብረወልድ ምን አሏት? 'የአንድ ሰው አደራ አንድ ሰው ይዞት ይጠፋል፤ ይኼ የሁላችን ነው።' ከረባታቸውን እንዲህ አድርገው።"

"ውጤቱስ?"

"የተቆጠበው ሲሶ እንዳለ ነው። እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሏል አለች። ሁሩታና ዴራ ከየካቲት ይጀመራል፣ አቦምሳ ቀጥሎ። እንኳን ደስ አለሽ።"

ልጅቷን ተቀበልኳት። ደስታው ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ ከእግሬ ጀምሮ፣ እንደ ሙቀት።

"የእኔ ስም አልተነሣም?" ብዬ ጠየቅኩ። አፍሬ፣ ግን ጠየቅኩ።

በቀለች አሰበች። እውነቷን አሰበች። "ውይ፣ ሞት ይርሳኝ! አልተነሣም።"

ከሄደች በኋላ ትንሽ አለቀስኩ። ምንጩን አላውቅም። ቅሬታ ነበር፣ አልክድም። ግን ከሥሩ ያለው... ያ ሌላው ሕንፃ፣ "እሱ እያለ ጥሩ ነበር" የተባለለት ልጅ፤ ስሙን ሁሉም ያስታውሱ ነበር። ያስቀረላቸው ስሙን ብቻ ነው። የኔን ረሱት። ሌላውን ግን አልረሱም።

የካቲት 11

ተመለስኩ። ነገ ሁሩታ እወርዳለሁ፤ ዛሬ ግን ቢሮዬን ልይ ብዬ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ከፍቼ ገባሁ፤ የማላውቀው ወጣት ሠራተኛ ተቀምጧል። ቦንሳ እባላለሁ አለኝ። ታኅሣሥ መጨረሻ የተቀጠረ።

በሩን ክፍቱን ትቼው ነበር። አየው። አየኝ። በትሕትና ሳል አለ።

"እህቴ፣ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ነሽ?"

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። "አዎ" አልኩ።

"አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ። እዚህ ጠዋት በፀሐይ በኩል ያለውን በር እንከፍታለን፤ በጥላ በኩል ያለውን እንዘጋለን። ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲዞር ነው። ከሰዓት ይገለበጣል። ማታ ተረኛ ይዞራል። በሚቀጥለው ወር እኔ ነኝ።"

የበሩን ነገር እኔ አላውቀውም። እኔ አላወጣሁትም። ቆሜ አሰብኩት... ትክክል ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም?

"ይኼን ማነው ያወጣው?" አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። "እኔ እንጃ። ድሮም እንዲሁ ነው መሰለኝ።"

አመሰገንኩትና ወጣሁ። ይኼኛው በጥላ በኩል ነው። እንዳለኝ ዘጋሁት።